ለትንሹና ለትልቁ አንድ ዓይነት ሕግ? በሴናተር ጆን ቴስተር ላይ ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለንባብ የበቃ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ የቀድሞውን የሞንታና ሴናተር ጆን ቴስተርን ምሳሌ አድርጎ፣ ከገጠር የሚመጡ የአሜሪካ ፖለቲከኞች ስለ አነስተኛ ንግድ ቁጥጥር የሚናገሩት ሁሉ ለትልልቅ ኩባንያዎች መንገድ መጥረጊያ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል። ጸሐፊው ያቀረቧቸው ነጥቦች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ የቴስተር ገበሬነት የምርጫ ልብስ ነው፤ በ2010 በምግብ ደኅንነት ሕጉ ላይ ያስገቡት ማሻሻያ የሕዝብን ጤና ለጥቂት ገበሬዎች ጥቅም አሳልፎ ሰጥቷል፤ በ2018 ለባንኮች ሕግ የሰጡት ድምፅ እውነተኛ ወገናቸውን አጋልጧል፤ በ2011 በካርድ ክፍያ ላይ የያዙት አቋም መርሕ እንደሌላቸው ያሳያል፤ በመጨረሻም ጉዳዩ የነጭ ገበሬዎች ጉዳይ ስለሆነ እኛን አይመለከትም። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈና ብዙ አንባቢ የተቀባበለው በመሆኑ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከነጥቦቹ መካከል ስለ ባንኮቹ የተባለውን በአብዛኛው፣ ስለ ካርዱ የተባለውን ደግሞ በከፊል እቀበላለሁ። የማልቀበለው ግን ጸሐፊው «ቁጥጥር ይጥበቅ» እና «ቁጥጥር ይላላ» ከሚሉት ሁለት ጎራዎች ውጭ ሌላ አቋም ሊኖር እንደሚችል ለማየት ፈቃደኛ አለመሆናቸውን ነው። ቴስተር በሕግ አውጪነት ዘመናቸው ያራመዱት ሐሳብ፣ ቁጥጥር በድርጅቱ መጠንና በሻጩና በገዢው መካከል ባለው ርቀት ይመዘን የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ራሳቸው የጣሱበት ጊዜ መኖሩም ሐሳቡን ከንቱ አያደርገውም፤ እንዲያውም የእሳቸውን ስሕተት የምንለካው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ከገበሬነታቸው እንጀምር። ጸሐፊው አሥራ ስምንት ዓመት በሴኔት የተቀመጠ ሰው ራሱን ገበሬ ብሎ መጥራቱ ማስመሰል ነው ይላሉ። ቴስተር በ1956 በሃቨር ከተማ ተወልደው ያደጉት ስድስት መቶ ያህል ነዋሪ ባላት በቢግ ሳንዲ አቅራቢያ፣ አያቶቻቸው በ1910ዎቹ ባቀኑት መሬት ላይ ነው። ወላጆቻቸው ከእርሻው ጎን ለጎን የጎረቤቶቻቸውን ከብት አርደው በማዘጋጀት የሚተዳደሩበት ትንሽ ሥጋ ቤት ነበራቸው፤ ቴስተር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ የግራ እጃቸውን ሦስት ጣቶች ያጡት በዚያው ሥጋ ቤት መፍጫ ነው። በ1978 በሙዚቃ ትምህርት ተመርቀው በቢግ ሳንዲ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ በኋላም የትምህርት ቤቱን ቦርድ በሊቀመንበርነት መርተዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ 1,800 ኤከር የሚሆነውን፣ ማለትም 730 ሄክታር ያህል ስፋት ያለውን እርሻ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ኦርጋኒክ አመራረት አዛውረዋል፤ ሴናተር ከሆኑ በኋላም በዘርና በአጨዳ ወቅት ወደ እርሻው እየተመለሱ ይሠሩ ነበር። አንድ ሰው እየዘራና እያጨደ ገበሬ አይደለም ከተባለ ገበሬ የሚባለው ማን እንደሆነ ጸሐፊው ሊነግሩን ይገባል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመኝ ጸሐፊው ዋናውን ነገር መዝለላቸው ነው። ቴስተርን ወደ ክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ውድድር የገፋፋቸው የቁጥጥር መብዛት ሳይሆን የቁጥጥር መነሣት ነበር። ሞንታና በ1997 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ ኃይል ዋጋን ከመንግሥት ቁጥጥር ነጻ ለማድረግ ወሰነች፤ ለረጅም ዘመን ርካሽ ኃይል ያቀርብ የነበረው ሞንታና ፓወር ኩባንያ ግድቦቹንና የኃይል ማመንጫዎቹን ሸጦ ወደ ቴሌኮሙኒኬሽን ንግድ ገባ፤ በ2003ም ከሰረ። የኃይል ዋጋ ሲንር የተጎዱት መስኖ የሚስቡ ገበሬዎች፣ የገጠር ሱቆችና ትንንሽ አምራቾች ነበሩ። ቴስተር በ1998 የተወዳደሩት ይህን ተቃውመው ነው፤ በ2005 የክፍለ ግዛቱ ሴኔት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2006 ደግሞ በ3,500 ያህል ድምፅ ብልጫ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ሴናተር ኮንራድ በርንስን አሸንፈው ወደ ዋሽንግተን አመሩ። እንዲህ ባለ ጥያቄ ፖለቲካ የጀመረን ሰው «የቁጥጥር ጠላት» ብሎ መፈረጅ የታሪኩን መጀመሪያ ቆርጦ መጣል ነው።

የጸሐፊው ከባዱ ክስ የምግብ ደኅንነት ሕጉን የሚመለከት ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። «ባክቴሪያ የእርሻውን ስፋት አይጠይቅም» ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው። ያኔ ይህንኑ ክርክር አጥብቀው ያነሡት የሸማቾችን ጥቅም የሚያስጠብቁ ድርጅቶች ብቻ ሳይሆኑ የትልልቅ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ማኅበራትም እንደነበሩ ግን አልነገሩንም። ማኅበራቱ ለሕጉ ሲሰጡ የነበረውን ድጋፍ ያነሡት የቴስተር ማሻሻያ በመግባቱ ነበር። የትልቁ ነጋዴ ማኅበር ለትንሹ ተወዳዳሪው እኩል ግዴታ እንዲጫንበት ሲሟገት፣ ዓላማው ጤና ብቻ ነው ወይስ ገበያም አለበት ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሕጉ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በ2006 ከካሊፎርኒያ በከረጢት ታሽጎ በተሠራጨ ስፒናች ምክንያት በ26 ክፍለ ግዛቶች ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ኢ.ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ታመሙ። በ2008 እና 2009 የአንድ የኦቾሎኒ ኩባንያ ምርት በ46 ክፍለ ግዛቶች ከሰባት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ አሳመመ፤ ዘጠኝ ሰዎችም ሞቱ። የኩባንያው ኃላፊ ምርቱ የተበከለ መሆኑን እያወቀ ወደ ገበያ በማውጣቱ በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በ2010 ደግሞ ከአዮዋ ከተነሣ ወረርሽኝ ጋር በተያያዘ ከግማሽ ቢሊዮን የሚበልጥ እንቁላል ከገበያ ተሰበሰበ። ሦስቱም አደጋዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ በአንድ ቦታ የተፈጠረ ጥፋት በሰፊ የሥርጭት መረብ አማካይነት አገር አዳርሷል። ሴኔቱ በኅዳር 2010 መጨረሻ በ73 ለ25 ድምፅ ያጸደቀውና ፕሬዚዳንት ኦባማ በጥር 2011 የፈረሙት ሕግ፣ የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (FDA) ሰው ከታመመ በኋላ ከማሯሯጥ ይልቅ ብክለትን አስቀድሞ እንዲከላከል አዟል፤ አምራቾችም አደጋውን በጽሑፍ ተንትነው ዕቅድ እንዲያወጡ፣ መዝገብ እንዲይዙና ለምርመራ እንዲያቀርቡ አስገድዷል።

ቴስተር ከሰሜን ካሮላይናዋ ሴናተር ኬይ ሄገን ጋር ያስገቡት ማሻሻያ ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደረገው ማንን ነው? የሦስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ዶላር በታች የሆነውንና ከግማሽ በላይ ምርቱን በቀጥታ ለተጠቃሚው ወይም በዚያው ክፍለ ግዛት ውስጥ ወይም እስከ 275 ማይል ርቀት ላይ ለሚገኝ ምግብ ቤትና ችርቻሮ ሱቅ የሚሸጠውን ነው። ሁለቱም ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። ይህ አምራች የተበከለ ምግብ መሸጥን ከሚከለክለው መሠረታዊ ሕግ ነጻ አልሆነም፤ ከክፍለ ግዛቱና ከከተማው የጤና ደንብም አልወጣም፤ እርሻ ከሆነ ስሙንና አድራሻውን ገዢው በሚያይበት ቦታ ማስፈር አለበት፤ ምርቱ ከወረርሽኝ ጋር ከተያያዘም አስተዳደሩ ነጻነቱን ሊያነሣበት ይችላል። ጸሐፊው «ያለ ምንም ቁጥጥር እንዲሸጡ ፈቀደ» ሲሉ እነዚህን አራት ነገሮች አንድም አላነሡም።

የመጠን ጉዳይ ለምን አስፈለገ የሚለው የሁሉ ቁልፍ ነው። ዕቅድ የሚጽፍ ባለሙያ፣ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ መዝገብ የሚይዝ ሠራተኛ በአመዛኙ ቋሚ ወጪዎች ናቸው። ሃምሳ ሚሊዮን ዶላር የሚሸጥ ድርጅት ወጪውን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ካርቶኖች ላይ ያካፍለዋል፤ ሃምሳ ሺሕ ዶላር የሚሸጥ ገበሬ ግን ትርፉን በሙሉ ይከፍላል ወይም ይዘጋል። ትንንሾቹ ሲዘጉ ምግባችን በጥቂት ግዙፍ ማቀነባበሪያዎች በኩል እንዲያልፍ እናደርጋለን፤ የስፒናቹና የኦቾሎኒው ጥፋት ያን ያህል የሰፋው ደግሞ በዚህ ዓይነቱ መከማቸት ምክንያት ነው። እኩል የሚመስል ሕግ ለጤና ሲባል ወጥቶ አደጋውን የሚያሰፋ የገበያ ቅርጽ ሊወልድ ይችላል ማለት ነው።

ጸሐፊው ማሻሻያው ያስከተለውን ጉዳት ለማሳየት በኮሎራዶ ከበቀለ ካንታሎፕ (የሐብሐብ ዓይነት ፍሬ) የተነሣውን ወረርሽኝ ጠቅሰዋል። በ2011 የተከሰተው ይህ አደጋ 147 ሰዎችን አሳምሞ 33 ሰዎችን ገድሏል፤ ከዘመኑ እጅግ አሳዛኝ የምግብ አደጋዎች አንዱ ነው። ነገር ግን እርሻው «የቤተሰብ» መባሉ ትንሽ አያደርገውም፤ በሽተኞቹ የተገኙት በ28 ክፍለ ግዛቶች ነው። ምርቱን ይህን ያህል ርቆ የሚያሠራጭ እርሻ ማሻሻያው ላስቀመጠው መሥፈርት አይመጥንም፤ በዚያ ላይ ለእርሻዎች የወጣው ደንብ የጸደቀው በ2015 ስለሆነ አደጋው በደረሰበት ጊዜ ነጻ የሚያደርገው ግዴታ ራሱ ሥራ ላይ አልዋለም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ፦ ወረርሽኙ ከመታወቁ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የእርሻውን ማሸጊያ የጎበኘ የግል መርማሪ ከመቶ 96 ነጥብ ሰጥቶት ነበር። ወረቀቱ የተሟላ ቦታ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ጸሐፊው ሊጠቅሱት ይገባ የነበረውና ያልጠቀሱት ምሳሌ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት በኦሪገን ከአንድ ትንሽ እርሻ የተለቀመ እንጆሪ በመንገድ ዳር መሸጫዎችና በገበሬዎች ገበያ ተሸጦ አሥራ አምስት ያህል ሰዎችን በኢ.ኮላይ አሳመመ፤ የሞተ ሰውም ነበር። መርማሪዎች ምንጩን ፈልገው በእርሻው ላይ ከነበረ የአጋዘን ፍግ ጋር አገናኙት። ይህ ምሳሌ በእኔም ክርክር ላይ ይመዝናል፤ ምክንያቱም እንጆሪው ከገበሬው እጅ ወጥቶ በሌሎች ቸርቻሪዎች በኩል ስላለፈ፣ ገዢውና አምራቹ ይተዋወቃሉ የሚለው የማሻሻያው መነሻ እዚያ ላይ አልሠራም። ስለዚህ ማሻሻያው እንከን የለውም አልልም። ከወረቀት ግዴታ ነጻ የሆኑ ገበሬዎች ስለ መስኖ ውኃ፣ ስለ ዱር እንስሳትና ስለ እጅ መታጠቢያ ሥልጠና ሊያገኙ፣ የየክፍለ ግዛቱ የግብርና ባለሙያዎችም እርሻው ድረስ ሄደው ሊረዷቸው ይገባል። ነገር ግን አሥራ አምስት ሰው በአንድ አካባቢ ከሚታመምበት አደጋና ሰባት መቶ ሰው በ46 ክፍለ ግዛቶች ከሚታመምበት አደጋ መከላከያው አንድ ዓይነት መሆን አለበት የሚለውን አልቀበልም።

ቴስተር ለትንሹ ቀለል ይበል ያሉትን ያህል ለትልቁ ይጥበቅ ያሉባቸው ጉዳዮችም በጽሑፉ ውስጥ የሉም። በአሜሪካ ለእርድ ከሚደልቡት ከብቶች 85 በመቶ ያህሉን የሚገዙት አራት ድርጅቶች ናቸው። ቴስተር ከአዮዋው ሪፐብሊካን ቸክ ግራስሊ ጋር ሆነው በግብርና ሚኒስቴር ውስጥ የሥጋ አቀነባባሪዎችን የሚመረምር ልዩ ጽሕፈት ቤት እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርበዋል፤ በ2022 ደግሞ የእርሻ መሣሪያ አምራቾች ለገበሬውና ለግል ጋራዦች የጥገና መረጃና ሶፍትዌር እንዲሰጡ የሚያስገድድ ረቂቅ አስገብተዋል። ሁለቱም ሕግ ሆነው አልወጡም። ሆኖም ሁለቱም አዲስ ቁጥጥር የሚጠይቁ ናቸው፤ ቁጥጥርን በጠላትነት የሚያይ ሰው አያቀርባቸውም።

ወደ ባንኮቹ ስንመጣ ግን ጸሐፊው በዋናው ነገር ትክክል ናቸው። ቴስተር በ2018 ከወጣው የባንክ ቁጥጥር ማቅለያ ሕግ ዋና አዘጋጆች መካከል ነበሩ። ሕጉ ለሞንታና የገጠር ባንኮች በእርግጥ የሚጠቅሙ ነገሮች ነበሩት፤ ንብረታቸው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በታች ለሆኑ ባንኮች የካፒታል መለኪያውን አቅልሏል፤ በራሳቸው መዝገብ ይዘው ለሚያቆዩት የቤት ብድርም አሠራሩን አመቻችቷል። ለገበሬና ለሱቅ የሚያበድር የትንሽ ከተማ ባንክ ለዎል ስትሪት ግዙፍ ባንኮች የተጻፈ ደንብ ሊጫንበት አይገባም የሚለውን ክርክር እኔም እጋራለሁ። ነገር ግን ያው ሕግ ጥብቅ ክትትል የሚጀምርበትን ወሰን ከ50 ቢሊዮን ወደ 250 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አደረገው። ሁለት መቶ ቢሊዮን ዶላር የያዘ ባንክ በምንም መለኪያ የአካባቢ ባንክ አይደለም። በመጋቢት 2023 የወደቀው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በ2022 መጨረሻ የነበረው ንብረት 209 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ ራሱ በሚያዝያ 2023 ባወጣው ግምገማ ከሕጉ በኋላ የላላው አቀራረብ ውጤታማ ክትትልን እንዳደናቀፈ አምኗል።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ትንሹ ሁልጊዜ የትልቁ ጭምብል ነው» ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። የ500,000 ዶላሩ ወሰን ትንሹን ከትልቁ ለየ፤ የ250 ቢሊዮኑ ወሰን ግን ትልቁን ከትንሹ ጋር ቀላቀለ። ቴስተር የገጠር ባንኮችን ጥቅም ብቻውን የያዘ ሕግ እንዲወጣ አጥብቀው መታገል ነበረባቸው፤ ከትልልቆቹ ጥቅም ጋር የተጠቀለለውን ሕግ ደግፈው ማሳለፋቸው ከባድ ስሕተት ነው፤ ለዚህም ሊወቀሱ ይገባል። ወቀሳው ግን በመጠን ከመለየት መርሕ በመራቃቸው ሊሆን ይገባል እንጂ መርሑን በማንሣታቸው አይደለም።

በካርድ ክፍያውም ላይ የጸሐፊው ትዝብት ከፊል እውነት አለው። በ2010 የወጣው የፋይናንስ ሕግ ነጋዴው በዴቢት ካርድ በተገዛ ቁጥር ለባንኩ የሚከፍለው ኮሚሽን እንዲገደብ አዘዘ፤ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በታች ንብረት ያላቸውን ባንኮች ግን ነጻ አደረገ። ቴስተር በሰኔ 2011 ገደቡ እንዲዘገይ ያቀረቡት ሐሳብ 54 ድምፅ አግኝቶ፣ የሚያስፈልገው 60 ስለነበር ወደቀ። መከራከሪያቸው በገበያ ውድድር ምክንያት ነጻ የተደረጉት ትንንሽ ባንኮችም መጎዳታቸው አይቀርም የሚል ነበር። በ2010 በምግብ ሕጉ ላይ በመጠን ነጻ ማድረግ ይሠራል ብለው ተከራክረው፣ እዚህ ላይ አይሠራም ማለታቸው የሚጋጭ አቋም ነው፤ ሱቅ ያለው ሰውም የተጎዳው ወገን እሱ እንደሆነ ቢሰማው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ገደቡን ለትንንሽ ነጋዴዎች እንደ ፍጹም ድል ማቅረባቸው ትክክል አይደለም። አማካዩ 44 ሳንቲም የነበረው ክፍያ ወደ 21 ሳንቲምና ጥቂት ተጨማሪ ቢወርድም፣ የካርድ ኩባንያዎቹ ለጥቃቅን ግዢዎች ይሰጡት የነበረውን ቅናሽ ስላነሡ ሁለትና ሦስት ዶላር ቡና የሚሸጠው ሰው ከበፊቱ የበለጠ መክፈል ጀመረ። ጉዳዩ የትኛው ትንሽ ነጋዴ ነው የሚል ጥያቄ አለበት፤ ቴስተርም ጸሐፊውም በቂ መልስ አልሰጡበትም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ማለትም ይህ ሁሉ እኛን አይመለከትም የሚለው፣ በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ የሚጎዳው ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስና በሌሎች ከተሞች እንጀራ ጋግረው ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍሉ፣ በርበሬና ሽሮ ፈጭተው አሽገው የሚሸጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ። የቴስተርና የሄገን ማሻሻያ የተጻፈው ለእርሻ ብቻ አይደለም፤ አንደኛው ክፍሉ ምግብ የሚያዘጋጁና የሚያሽጉ ድርጅቶችን ይመለከታል። በአካባቢዋ ለሚገኙ ሱቆችና ምግብ ቤቶች እንጀራ በጅምላ የምታቀርብ አንዲት እናት፣ ሽያጯ ከወሰኑ በታች ከሆነ፣ በሞንታና ምስር ከሚያመርተው ገበሬ ጋር በዚሁ ሕግ ጥላ ሥር ናት። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ በ2015 ባወጣው ደንብ እንዲያውም ዓመታዊ ሽያጩ፣ ሳይሸጥ ከያዘው ምግብ ዋጋ ጋር ተደምሮ፣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነን ድርጅት «በጣም አነስተኛ» ብሎ በዚያው ምድብ አስገብቶታል።

እዚህ ላይ «ትንንሾቹ ከቁጥጥር ውጭ ናቸው» የሚለው የጸሐፊው አገላለጽ አንባቢን ለቅጣት ሊዳርግ ስለሚችል በግልጽ መታረም አለበት። ለሱቆች በጅምላ የሚያቀርብ ጋጋሪ ድርጅት ነጻነቱ በራሱ አይመጣለትም። በምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ዘንድ መመዝገብና ምዝገባውን እንደ 2024 እና 2026 ለሁለት በሚካፈል ዓመት ሁሉ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ማደስ ይኖርበታል፤ በመጠኑ ምክንያት ነጻ መሆኑንም በየሁለት ዓመቱ ማረጋገጫ ማቅረብ፣ ሽያጩን የሚያሳይ መዝገብ መያዝ፣ ከዚያም ወይ የምግቡን አደጋ ለይቶ እየተከላከለ መሆኑን ወይም የአካባቢውን የጤና ሕግ እያከበረ መሆኑን ማሳወቅ አለበት። ሁለተኛውን ከመረጠ የድርጅቱ ስምና ሙሉ አድራሻ በእሽጉ ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። አብዛኛውን ምርቱን እዚያው ለተጠቃሚ የሚሸጥ ዳቦና እንጀራ ቤት እንደ ችርቻሮ ስለሚቆጠር ከዚህ ምዝገባ ውጭ ነው፤ እሱን የሚመለከተው የአካባቢው ጤና ቢሮ ነው። የትኛው ምድብ ውስጥ እንደሚገባ ያላወቀ ሰው፣ የጸሐፊውን አገላለጽ አምኖ ዝም ከማለት ይልቅ ጥያቄውን ይዞ ወደዚያው ቢሮ መሄድ ይሻለዋል።